የእግር ስፌት መኪና ለበዓል ስጦታ፦ ከክረምት እስከ ፋሲካ ሠርቼባት ያየሁት

የገዛኋት ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። ጥቁር የብረት ራስ፣ የእንጨት ጠረጴዛ፣ ከሥር የብረት መርገጫ ያላት የቻይና ሥሪት ናት። ጎንደር ውስጥ ልብስ ሰፊዎች በረንዳ ላይ ሁሌ የምታዩዋት ዓይነት። እኔ ግን ልብስ ሰፊ አይደለሁም፤ ደንበኛም የለኝ። የምሰፋው ለእናቴ፣ ለእህቶቼ፣ ለልጆቻቸው፣ አንዳንዴም ለአማቴ ነው፤ ያውም ለበዓል። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ እንደኔ ቤቱ ቁጭ ብሎ ለዘመድ ለሚሰፋ ሰው ነው። ሱቅ ከፍቶ ሊሠራባት ላሰበ ምክሬ ሌላ ነው። ዋጋዋንም አልጽፍም፤ እኔ ከገዛሁ ወዲህ ተለውጧል።

ያያት ሁሉ "ለምን የኤሌክትሪኩን አልገዛሽም?" ይለኛል። አንዱ ምክንያት መብራት ነው። በበዓል ዋዜማ መብራት ሲሄድ ግማሽ የተሰፋ ቀሚስ ታቅፌ መቀመጥ አልፈልግም። እግር እስካለ ድረስ ይቺ ትሠራለች። ማታ ግን ብርሃን የሚሰጥ ነገር አጠገቧ ማስቀመጥ ያስፈልጋል፤ በጥቁር ራስ ላይ ነጭ ክር በጨለማ መሰካት ዓይን ያፈሳል።

ዋናው ጥቅሟ ግን ዝግታዋ ነው። ይህን ያወቅሁት ሸማ መስፋት ስጀምር ነው። በእጅ የተሸመነ ጨርቅ እንደ ፋብሪካው ጥብቅ አይደለም። ድርና ማጉ ይንሸራተታል፣ ጫፉ ይተረተራል፣ ትንሽ ከጎተቱት ይለጠጣል። ጥለቱን ከጥለቱ ጋር እያገጣጠሙ ለመስፋት አንድ ስፌት ወግቶ፣ ቆም ብሎ አይቶ፣ ሌላ መውጋት ያስፈልጋል። በእግር መኪና ይህ ቀላል ነው። የእህቴ የኤሌክትሪክ መኪና ግን ፔዳሉን ገና ነካ ሲያደርጉት ነው የሚፈተለከው።

እርግጥ እግርን ከእጅ ማስማማት ጊዜ ይፈልጋል። ጎማው ወደ ኋላ ከዞረ ክሩ ይጠላለፋል፣ አልፎም ይበጠሳል። ለጀማሪ የምመክረው ክር ሳይሰካ መስመር ያለው የደብተር ወረቀት ላይ መለማመድ ነው። መርፌዋ መስመሩን ይዛ መሄድ ስትጀምር ወደ ጨርቅ ማለፍ ይቻላል። ወረቀት የወጋ መርፌ ስለሚዶለዱም በእሱ ሸማ አትስፉ።

መርፌ ካነሳሁ አይቀር፣ ብዙ ሰው "ክሩ ዘለለ፣ መኪናው ተበላሸ" የሚለው መርፌው ከጨርቁ ጋር ሳይስማማ ሲቀር ነው። በመርፌ ማሸጊያው ላይ ሁለት ቁጥር አለ። 14/90 የሚለው 90 ውፍረቱ 0.9 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው። ለነጠላና ለስስ ሸማ 11/75፣ ለአቡጀዲና ለመነን 14/90፣ ወፈር ላለ ጨርቅ 16/100 እጠቀማለሁ። ነጠላ ስሰፋ ከሥሩ ስስ ወረቀት አደርግና በኋላ ቀድጄ አወጣዋለሁ። አለዚያ ከታች ያሉት ገፊ ጥርሶች ጨርቁን ወደ ውስጥ ይጎትቱታል።

ለእንቁጣጣሽ የሰፋሁት አበባዮሽ ለሚጨፍሩት ለእህቶቼ ልጆች ነጫጭ ቀሚስ ነበር። ቀጥ ያለ ስፌት ስለሆነ ብዙም አላስቸገረም። ያስቸገረኝ ክረምቱ ነው። የጠረጴዛው እንጨት እርጥበት ጠጥቶ አበጠና መሳቢያው አልከፈት አለ። የሥሩን ጎማ ከራሷ ጋር የምታገናኘው የቆዳ ቀበቶም ላላች፤ እኔ እረግጣለሁ፣ የሥሩ ጎማ ይዞራል፣ ራሱ ግን ንቅንቅ አይልም። ቀበቶዋን ቆረጥ አድርጎ በሽቦዋ መልሶ መያያዝ ነው መፍትሔው። ይህን ማንም ቤቱ ይሠራዋል፤ ግን ሲበዛ እንዳታሳጥሯት፤ መርገጫው ይከብዳል።

ለገና ለአማቴ የመሶብ ልብስ ሰፋሁ። እሱን ልለፈው፤ አራት ማዕዘን ጨርቅ ዘምዝሞ ዳርና ዳር ጥለት መትከል ነው።

እውነተኛው ፈተና ጥምቀት ነው። "ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ" የሚለው ተረት እዚህ ከተማ ቀልድ አይደለም። ከገና እስከ ከተራ ያለው ጊዜ አንድ ሳምንት ተኩል ቢሆን ነው። በዚያ ሰሞን ሰፊዎቹ ጋ ብትሄዱ "አልቀበልም፣ ሞልቷል" ነው መልሱ። ቅዳሜ ገበያም ጨርቅ ለመምረጥ በሰው ትከሻ ላይ አሻግሮ ማየት ነው። እኔ ጨርቁን በኅዳር ገዝቼ፣ አጥቤ፣ ካውያ መትቼ አስቀምጬ ነበር። ጥጥ ሳይታጠብ ከተሰፋ ከመጀመሪያው እጥበት በኋላ ያጥራል፤ ስጦታ ሰጥቶ ከወር በኋላ "ጠበበኝ" መባል ደግሞ ያሳፍራል።

ለእናቴ ቀሚስ፣ ለታናሽ ወንድሜ እጀ ጠባብ ሰፋሁ። የእናቴን ቀሚስ ጥልፍ በዚህች መኪና አልሞከርኩም፤ እጇ ለጠራ ጠላፊ ሰጠሁት። እናቴ ልብስ ስታይ መጀመሪያ የምታየው ፊቱን አይደለም። ትገለብጥና ውስጡን ነው። የዚህች መኪና ትልቁ ጉድለትም እዚያ ጋ ነው። ቀጥ ያለ ስፌት እንጂ ሌላ አታውቅም። ዚግዛግ የለም፣ የቁልፍ ቀዳዳ አትሠራም፣ ጫፍ የሚከድን ኦቨርሎክ የለም። የሸማ ጫፍ ሳይከደን ከቀረ ደግሞ በሁለት እጥበት ይተረተራል።

ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ሰፈር ያለው ሰፊ ጋ ወስዶ ኦቨርሎክ ማስመታት ነው፤ በጥምቀት ሰሞን ግን እሱም ወረፋ አለው። ሁለተኛው ድርብ ስፌት ነው። መጀመሪያ ጨርቁን ፊቱ ወደ ውጭ ሆኖ ጠርዙን ይሰፉታል። ትርፉን ይከረክሙትና ገልብጠው በውስጥ በኩል እንደገና ይሰፉታል። ጥሬው ጫፍ በሁለቱ ስፌት መካከል ተቀብሮ ይቀራል። ጊዜ ይበላል፣ ክርም ይበላል። እናቴ ግን ገልብጣ፣ በጣቷ ዳሰስ ዳሰስ አድርጋ "ይኼስ ይታያል ለሰው" አለች። ከእሷ አፍ ይህ ትልቅ ምስጋና ነው።

የወንድሜ እጀ ጠባብ ፈተናው ከዚህም ይከፋ ነበር። ጥር 11 ጠዋት ውኃው ሲባረክ እሱም እንደ ጓደኞቹ ከነልብሱ አፄ ፋሲል መዋኛ ውስጥ ዘለለ። ሸሚዙ ውኃ ጠጥቶ፣ ተጎትቶ፣ ተረግጦ ወጣ። ቤት ስናየው አንድም ስፌት አልተፈታም። የጥለቱ ቀይ ቀለም ግን ለቆ ደረቱን ሮዝ አደረገው። ይህ የክሩ ቀለም ጉዳይ ነው፤ መኪናዋን አይመለከትም። "እታለም፣ ለከርሞ ነጭ በነጭ አድርጊልኝ" ብሎኛል።

አሁን ወደ ጥገናዋ። ሸማ ብናኝ አለው፤ ያ ብናኝ ከጥርሶቹ ሥርና ከታች ክር ቤት ዙሪያ ይከማቻል፣ ከዘይት ጋርም ይጋገራል። አንድ ልብስ በጨረስኩ ቁጥር የብረት ሽፋኑን ፈትቼ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እጠርገዋለሁ። ዘይቷ የስፌት መኪና ዘይት ብቻ ነው። የምግብ ዘይት ሲቆይ እንደ ሙጫ ይሆናል፣ ራሷንም ያስራታል። ነጭ ልብስ ለሚሰፋ ሰው የምጨምረው፣ ዘይት ካጠጣችኋት በኋላ ሌሊቱን አሳድሯት፤ ጠዋት መጀመሪያ ቁራጭ ጨርቅ ላይ ሩጡባት። ከመርፌ መያዣው የምትወርድ አንዲት ጠብታ የሳምንት ሥራ ታበላሻለች።

የማልወድላት ነገርም አለ። ከባድ ናት፤ ከክፍል ክፍል ለማዛወር ሁለት ሰው ትፈልጋለች። ማታ ማታ ወለሉ ይንቀጠቀጣል፣ ከሥር ያሉት ጎረቤቶች ደግሞ ትዕግሥታቸው የተለካ ነው። እንደ ቲሸርት ያለ የሚለጠጥ ጨርቅም አይሆንላትም፤ ሲለብሱት ስፌቱ ጠስ ይላል። ለልጆች ፒጃማ ልሰፋ አስቤ ትቼዋለሁ።

መለዋወጫ ግን ጭንቅ የለም። ንድፏ ከ100 ዓመት በላይ የቆየ ስለሆነ መርፌውም፣ የታች ክር ቤቱም፣ ቀበቶውም በየሱቁ አለ። ከእሷ ጋር የመጣው የታች ክር ቤት ጠርዙ ሻካራ ስለነበር ክር ይበጥስ ነበር፤ ቀየርኩት፣ ወዲያው ተስተካከለ።

ያገለገለች ለመግዛት ካሰባችሁ ቀለሟ አያታልላችሁ። ቀበቶውን አውልቁና ራሷ ላይ ያለውን ጎማ በእጅ አዙሩት፤ ሳይንቀጫቀጭ መዞር አለበት። መርፌው የሚገባባትን ቀዳዳ ዙሪያ በጥፍር ዳስሱ፤ የተቧጨረ ከሆነ ክር ይቆርጣል። ከዚያ ከራሳችሁ ቁምሳጥን ይዛችሁት በሄዳችሁት ቁራጭ ሸማ ላይ አሰፏት፤ ሻጩ የሚያቀርብላችሁ ጠንካራ ጨርቅ ላይ የማትሰፋ መኪና የለችም።