ርችቴን አጥፍቶ የሰው ርችት ለጠፈልኝ

አሁን ከመገናኛ መመለሴ ነው። ጫማዬን እንኳ አላወለቅኩም።

እነዚህን «ኤዲት እንሠራለን» ብለው በር ላይ የለጠፉ ፎቶ ቤቶች ታውቋቸዋላችሁ። ብር ይቀበላሉ፣ «ነገ ነይ» ይላሉ፣ ነገ ሳምንት ይሆናል። እሱንስ ለምጄዋለሁ።

የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ማታ ጓደኛዬ ቤት ሰባተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ትራይፖድ ተክዬ፣ ካፊያው እየመታኝ ርችቱን አነሳሁ። ሹተሩ (የካሜራው የብርሃን መዝጊያ) 6 ሰከንድ ተከፍቶ። ከዚያ ሁሉ 4 ፎቶ ተረፈኝ። የቀረው አራቱን ፎቶሾፕ ላይ ደራርቦ ሌየሮቹን (አንዱ በአንዱ ላይ የተነጠፉትን ፎቶዎች) «ላይትን» የሚባለው አማራጭ ላይ ማድረግ ነው። ያኔ ከየፎቶው የደመቀው ብቻ ይወጣል፤ የአንዱ ጨለማ የሌላውን ርችት አይሸፍንም። ጭሱን ትንሽ መቀነስ፣ አለቀ። ራሴ እችለው ነበር እኮ! ላፕቶፔ ይንቀራፈፋል ብዬ ሰነፍኩና ለአንዱ ፎቶ ቤት 2,500 ብር ከፈልኩ። ያውም ሙሉውን፣ ቀድሜ።

ዛሬ የፎቶ ቤቱ ልጅ የታተመውን ዘረጋልኝ። ያምራል፣ አልዋሽም። ጭስ የሚባል ነገር የለም። «በስመአብ፣ ይሄን እኔ ነኝ ያነሳሁት?» አልኩ፣ ሞኟ። ቀና ስል ከጀርባው የሰርግ ፎቶ ተሰቅሏል። ከሙሽሮቹ ራስ በላይ ወርቃማ ርችት። በቀኝ በኩል አንዷ የብርሃን ክር ወደ ታች ተሰብራለች። ወደ እኔው ፎቶ ተመለስኩ። ያችው ክር፣ እዚያው ቦታ ላይ ተሰብራለች።

«ይሄ የኔ ርችት አይደለም» አልኩት።

ማስቲካውን እያኘከ ኮምፒውተሩን አዞረልኝ። ሌየሩ አጠገብ ያለችውን የዓይን ምልክት ጠቅ አደረገ። ርችቱ ጠፋ። የቀረው ጥቁር ሰማይና ፎቆቹ ብቻ። የኔን ርችት በብሩሽ ጥቁር ቀብቶበታል! ጠቅ፣ በራ። ጠቅ፣ ጠፋ።

«እህቴ፣ ርችት ርችት ነው። ያንቺው ጭስ በጭስ ነበር።»

ገንዘብ ተቀባይዋ ሳቋን አፍና ስልኳ ላይ አቀረቀረች። እኔስ? ፎቶዬን ጠቅልዬ ወጣሁ። አንድ ቃል አልመለስኩም። መልሱ የመጣልኝ ታክሲ ውስጥ ነው።

ለማንኛውም ሙሉ ክፍያ ቀድማችሁ አትስጡ። ሌየሮቹ ያልተዋሃዱበትን ፋይል ጠይቁ፣ ዋናውንም ኮፒ ሳታስቀሩ አትስጡ። የኔው ደግነቱ ሜሞሪው ላይ አለ።

እናቴ ግን ገና ከእጄ ተቀብላ ሳሎን ልትሰቅለው ሚስማር ትፈልጋለች። «አንቺ ነሽ ያነሳሽው?» አለችኝ።

«ፎቆቹን» አልኳት።