ቤንዚን፣ ናፍጣ፣ ነጭ ጋዝ ወይስ ቡታ ጋዝ? ዋጋ ሲወርድ በቤት ለማስቀመጥ ለሚያስቡ የጣና ዳር ሰዎች

የድፍድፍ ነዳጅ ዋጋ በዓለም ገበያ ሲወርድ ገዝቶ ማስቀመጥ የሚያምረው ሰው በባሕር ዳርም በፎገራም አይጠፋም። ሽንኩርቱን በሞተር የሚያጠጣ ገበሬና ወደ ዘጌ ጀልባ የሚያመላልስ ሰው ይህን ቢያስቡ አይፈረድባቸውም፤ ማደያ ሲደርቅ ሥራቸው ይቆማል።

ነገር ግን የዓለም ዋጋ ወደ እኛ የሚደርሰው በቀጥታ አይደለም። ሚያዝያ 12 ቀን 2012 ዓ.ም. የአሜሪካ ድፍድፍ ነዳጅ ማጠራቀሚያው ሊሞላ ስለተቃረበ፣ ነጋዴዎች የሚያራግፉበት አጥተው፣ ዋጋው በበርሜል ከዜሮ በታች 37.63 ዶላር ሆኖ ገበያው ተዘጋ። እኛ ግን የምንገዛው ተጣርቶ በጅቡቲ በኩል የሚገባውን ነው፤ የችርቻሮ ዋጋውንም መንግሥት ይተምናል። ስለዚህ ምርጫችሁን በዋጋው ሳይሆን በነዳጁ ጠባይ ላይ መሥርቱ።

ቤንዚን ከአራቱ ሁሉ ለቤት የማይሆነው ነው፤ ይህን ሳልለሳልስ እናገራለሁ። ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ገደማም ቢሆን እሳት የሚይዝ ተን ያወጣል። ተኑ ከአየር ይከብዳል፤ ወለል ለወለል እየተሳበ ሌላ ክፍል ውስጥ ቡና የተጣደበት የከሰል ምድጃ ድረስ ሊሄድ ይችላል። በባሕር ዳር የበጋ ሙቀት፣ ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ ትነቱ ይበልጥ ይፈጥናል። ቀድመው የሚተኑት ደግሞ ሞተር ለማስነሳት የሚረዱት ቀላሎቹ ክፍሎች ናቸው። በደንብ በተከደነ ዕቃ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ይቆያል፤ ከዚያ በኋላ የሚተወው ሙጫ ካርቡሬተሩን ይደፍናል። በመስከረም የተገዛ ቤንዚን በሚያዝያ የመስኖ ሞተራችሁን ቢያስቸግር አይግረማችሁ። የጀልባ ሞተር ያላችሁ፣ ቤንዚኑን ከዘይት ጋር የምትቀላቅሉት ለቅርብ ጊዜ የሚበቃውን ብቻ ይሁን።

ናፍጣ የተሻለ ትዕግሥት አለው። እሳት የሚይዝ ተን ለማውጣት ከ50 ዲግሪ በላይ መሞቅ ይፈልጋል፤ ከስድስት ወር እስከ ዓመትም ይቆያል። ጠላቱ ውኃ ነው። በርሜሉ ጎዶሎ ሆኖ ሲያድር፣ በተለይ በክረምት፣ ባዶው ቦታ ላይ ጤዛ ይይዝና ወደ ታች ይወርዳል። ውኃውና ናፍጣው በሚገናኙበት ላይ ረቂቅ ተሕዋስያን ይራባሉ፤ የሚያወጡት ጥቁር ዝቃጭ ፊልትሮውን ይዘጋል። የናፍጣ ፓምፕ ያለው ገበሬ ለአንድ የመስኖ ወቅት የሚበቃውን ከመኖሪያ ቤት ራቅ ባለ ጥላ ውስጥ ቢያስቀምጥ ተገቢ ይመስለኛል። ሲቀዳም ከበርሜሉ ግርጌ ያለውን አይንካ።

ነጭ ጋዝ ከናፍጣ ቀድሞ፣ 38 ዲግሪ ገደማ ላይ እሳት የሚይዝ ተን ያወጣል፤ ለፋኖስና ለምድጃ ጥቂት ሊትር ይበቃል። ከቤንዚን ጋር በአንድ ዓይነት ጀሪካን ፈጽሞ አታስቀምጡ፤ በስሕተት ምድጃ ውስጥ የገባ ቤንዚን ቤት ያቃጥላል።

ቡታ ጋዝ በሲሊንደሩ ውስጥ አይበላሽም። ለማእድ ቤት የምትፈልጉ ከሆነ አንድ ትርፍ ሲሊንደር ከቤት ውጭ ቀጥ ብሎ ቢቆም ከማንኛውም ፈሳሽ ነዳጅ ይሻላል። ጋዙ እንደ ቤንዚን ተን ወለል ላይ ስለሚተኛ ግን በምድር ቤትና በጉድጓድ አጠገብ አይሁን።

ያለ ፈቃድ ነዳጅ ማከማቸት ስለሚያስጠይቅ፣ ለፓምፕም ቢሆን ከመግዛታችሁ በፊት የወረዳችሁን ንግድ ጽሕፈት ቤት ጠይቁ።

ዕቃውን በተመለከተ፣ የምግብ ዘይት የነበረ ቢጫ ጀሪካን ለቤንዚን አይሆንም፤ ፕላስቲኩ ያብጣል፣ ተንም ያሳልፋል። ባለ 20 ሊትር የብረት ጀሪካን ዋጋው ቢከብድም እሱን ምረጡ። ስትቀዱ መሬት ላይ አስቀምጡት፤ መኪና ላይ እንዳለ ሲሞላ የሚጠራቀመው ኤሌክትሪክ ብልጭ ብሎ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ቤንዚን ከሆነ እስከ አፉ አትሙሉት። ከመግዛታችሁ በፊትም ክዳኑን ከፍታችሁ የውስጡን ጎማ በጣታችሁ ዳስሱት፤ የደረቀ ወይም የተሰነጠቀ ከሆነ ሌላ አስመጡ።