የተማሪ ደመወዝ ወዴት ይግባ? ቼክ፣ የደመወዝ ካርድ፣ ባንክና የስልክ መተግበሪያ ሲነጻጸሩ

አሜሪካ ውስጥ በዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ወይም ካፍቴሪያ ተቀጥሮ የሚሠራ ተማሪ በመጀመሪያው ሳምንት ከሚሞላቸው ቅጾች አንዱ ዳይሬክት ዲፖዚት ይባላል። ደመወዙ በቀጥታ የሚገባበትን ሂሳብ የሚያስመዘግብበት ነው። እኔ ስሞላው የሂሳብ ቁጥሬን ትቼ በዴቢት ካርዴ ላይ ያለውን 16 አሃዝ ገለበጥኩ። ባንኩ ገንዘቡን መለሰው፤ ደመወዜም ቼክ ሆኖ ወደ ለቀቅሁት አድራሻ ተላከ። ምርጫዎቹን በቅጡ ያየኋቸው ከዚያ በኋላ ነው።

የወረቀት ቼክ አንድ ጥቅም አለው፤ ምንም መሙላት አይጠይቅም። በተረፈ ፖስታ ይጠበቃል፣ ባንክ ሊያቆየው ይችላል፣ ቼክ የሚመነዝሩ ሱቆች ደግሞ ከላቡ ላይ ይቆርጣሉ። መሳቢያ ውስጥ ተረስቶ ስድስት ወር ካለፈው ባንኩ የመክፈል ግዴታ የለበትም።

የደመወዝ ካርድ፣ ማለትም አሠሪው ደመወዙን የሚሞላበት ካርድ፣ የባንክ ሂሳብ ለሌለው ሰው መሸጋገሪያ ነው። ከመቀበል በፊት የክፍያ ዝርዝሩን ማንበብ ያስፈልጋል፤ ከኤቲኤም ማውጣትና ካርዱን ሳይጠቀሙ መቆየት ሊያስከፍሉ ይችላሉ። አሠሪ ይህን ካርድ ብቸኛ አማራጭ አድርጎ ማስገደድ በፌዴራል ሕግ አይፈቀድለትም።

ዋናው ፉክክር በባንክ፣ በክሬዲት ዩኒየን (በቁጠባና ብድር ማኅበር) እና በስልክ መተግበሪያ መካከል ነው። ባንክ ኦፍ አሜሪካ ሴፍባላንስ በሚባለው ሂሳቡ ላይ የሚጠይቀውን 4.95 ዶላር ወርሃዊ ክፍያ ዕድሜያቸው ከ25 ዓመት በታች ለሆኑ ይተዋል። የቼዝ ባንክ የኮሌጅ ሂሳብ ከ17 እስከ 24 ዓመት ላሉ ተማሪዎች ነው፤ ከወርሃዊ ክፍያ ነፃ የሚሆነው ቢበዛ ለአምስት ዓመት ነው። ስለዚህ «ነፃ ነው?» ከማለት ይልቅ «እስከ መቼ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ክሬዲት ዩኒየን የአባላቱ ንብረት ስለሆነ ክፍያው አብዛኛውን ጊዜ ቀለል ይላል፤ ነገር ግን አባል መሆን ይጠይቃል። ተቋሙ ቢከስር ገንዘብን በመሸፈን በኩል ብዙ ልዩነት የለም፤ በባንክ ያለውን ኤፍዲአይሲ፣ በአብዛኞቹ ክሬዲት ዩኒየኖች ያለውን ኤንሲዩኤ የተባሉ የፌዴራል መንግሥት ተቋማት እስከ 250,000 ዶላር ድረስ ይሸፍኑታል።

እንደ ቻይም ያሉ መተግበሪያዎች ደመወዝን እስከ ሁለት ቀን አስቀድመው ይለቃሉ። ይህ ያማልላል፤ ግን የሚቀደመው ቀኑ እንጂ የሚጨምር ገንዘብ የለም። ቻይም ራሱ ባንክ አይደለም፤ ከጀርባው ሌሎች ባንኮች አሉ። በ2024 መተግበሪያዎችን ከባንኮች ጋር የሚያገናኘው ሲናፕስ የተባለ ድርጅት ሲከስር፣ በእርሱ በኩል ይሠሩ የነበሩ የሌሎች መተግበሪያዎች ደንበኞች ገንዘባቸውን ማግኘት አቅቷቸው ለወራት ተንከራተዋል። የኪራይ ገንዘብ እንዲህ ባለ ቦታ ባይቀመጥ እመርጣለሁ።

ከኢትዮጵያ አዲስ የመጣ ተማሪ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሩ (ለሥራና ለግብር የሚያገለግለው የመንግሥት መለያ ቁጥር) እስኪደርስ ድረስ ትልቅ ባንክ ቅርንጫፍ ሄዶ በፓስፖርትና በትምህርት ቤት ወረቀቱ ቢጠይቅ ይቀለዋል። አሜሪካ ያደገውን ግን ክሬዲት ዩኒየን ሞክር እለዋለሁ።

የትም ቢከፈት የሚጻፉት ቁጥሮች ሁለት ናቸው፦ ባንኩን የሚለየው ባለ 9 አሃዝ ራውቲንግ ቁጥርና የሂሳብ ቁጥሩ። ከሐዋላ መመሪያ ላይ አይቀዱ፤ ለሐዋላ የሚሰጠው ራውቲንግ ሌላ ሊሆን ይችላል። ስምም ያደናግራል፦ ዩኒቨርሲቲው የአያትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ሲይዝ ባንኩ የአባትን ይዞ ሊገኝ ይችላል፤ ሁለቱም ቦታ እንደ ፓስፖርቱ ቢሆን ጥሩ ነው። በብዙ ትምህርት ቤቶች የትምህርት ክፍያ ተመላሽ የሚገባበት ሂሳብ ከደመወዙ ለብቻው ይመዘገባል፤ አንዱን መሙላት ሌላውን አይሞላም።

«የደመወዝ ሂሳብዎን ያረጋግጡ» የሚል ኢሜይል ሲመጣ ማያያዣውን አይጫኑ፤ የይለፍ ቃል ሰርቀው ደመወዝ ወደ ራሳቸው የሚያዞሩ ሌቦች የሚገቡት በዚህ በር ነው። ባንክ የሚቀይር ሰው ደግሞ አዲሱ ላይ የመጀመሪያው ደመወዝ እስኪታይ ድረስ አሮጌውን አይዝጋ።