ለአንዲት የሉፐስ ክትትል ነርስ፦ ዕድሜና ጤና ይስጥልን

ታናሽ እህቴ ሉፐስ አለባት፤ የሰውነት መከላከያ የራሱን አካል የሚያጠቃበት በሽታ ነው። የምትከታተልበት የሩማቶሎጂ (የመገጣጠሚያና መሰል በሽታዎች) ክሊኒክ ውስጥ አንዲት ሲስተር አለች። ዛሬ በአደባባይ ላመሰግናት ነው የመጣሁት።

ባለፈው ቀጠሮ እህቴ ደህና ነበረች። መገጣጠሚያዋ አያማትም፣ የፊቷ ሽፍታ ጠፍቷል፣ ሥራም ገብታለች። «ምንም የለብኝም፣ መድኃኒቴን ብቻ ይጻፉልኝ» አለች። ሲስተር እሺ አላለቻትም፤ የሽንት ዕቃ ሰጥታ ላከቻት። ከዚያ መመርመሪያዋን ነክራ ጠርሙሱ ላይ ካሉት ቀለሞች ጋር አስተያየችው። ቢጫው አረንጓዴ ሆኗል፤ ሽንቷ ውስጥ ፕሮቲን አለ ማለት ነው፣ ኩላሊት ሲነካ የሚታይ ምልክት። ግፊቷን ደጋግማ ለካች። ቅልጥሟን በአውራ ጣቷ ጫን አድርጋ እብጠት ፈለገች። በዚያው ቀን ዶክተሩ ጋ አስገባቻት። ከኩላሊቷ ናሙና ተወስዶ ሕክምና ተጀመረ፤ ክሬቲኒኗ (የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየው የደም ምርመራ) እስካሁን ደህና ነው።

ሉፐስ ኩላሊት ሲነካ ብዙ ጊዜ አያሳምም። ይህን ያስረዳችን እሷ ናት። በሽታው ተነስቶ መባባሱ አንድ ነገር ነው፣ ጥሎት የሚሄደው ጉዳት ሌላ። የተነሳውን በመድኃኒት ማብረድ ይቻላል። ጠባሳ የሆነ ኩላሊት ግን አይመለስም፤ እሳቱ ቢጠፋም የተቃጠለው ተቃጥሏል። ሐኪሞች ሁለቱን የሚለኩት ለየብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የጉዳት መለኪያ 12 የአካል ክፍሎችንና ሥርዓቶችን ያያል፤ በአብዛኛው 6 ወርና ከዚያ በላይ የቆየውን ይቆጥራል። መድኃኒቱ ያመጣውም ይቆጠራል፦ የዓይን ሞራ፣ የአጥንት መሳሳት ያመጣው ስብራት፣ ስኳር።

ለዚህ ነው ሲስተር እንዲህ ያለ ጉዳት ሊያመጣ በሚችለው ስቴሮይድ፣ በፕሬድኒሶሎን፣ ነገር የማትዘናጋው። እህቴ ፊቷ ሲያብጥ በራሷ ልታቆመው ነበር። «እንዳታደርጊው የኔ እናት፤ ቀስ እያለ ዶክተሩ ይቀንስልሻል» ብላ መጠኑን በየቀጠሮው ደብተር ላይ ታጽፋታለች። ግቡ፣ ከተቻለ፣ በቀን 5 ሚሊግራምና ከዚያ በታች ማውረድ ነው። ዓይንን ሊጎዳ የሚችለውን የሉፐስ መድኃኒት፣ ሃይድሮክሲክሎሮኪንን፣ ስለምትወስድም የዓይን ምርመራዋን ቀን አስታውሳ የምትደውለው እሷው ናት። ይህን ሁሉ ከዚያ ወረፋ ጋር! እኔ እንዲህ ያለ ሰው አላየሁም።

ስሟን ያለፈቃዷ አልጽፍም። ሉፐስ ያለበት ዘመድ ያላችሁ ኢንቦክስ አድርጉልኝ፣ ክሊኒኩን እነግራችኋለሁ። በጠዋት ሂዱ። የድሮ ውጤቶቻችሁን ሁሉ፣ የሽንቱንም ጭምር፣ ይዛችሁ ሂዱ፤ አንድ በአንድ ከአዲሱ ጋር ታስተያይላችኋለች።