ኮሪያ ለማስተማር ስሄድ የታክስ ወረቀቴን የሠራልኝ ቢሮ

አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ የሐበሻ ታክስ ቢሮ ነው። ባለቤቱ ጉዳዩን ጠንቅቀው ያውቃሉ። በአሜሪካና በደቡብ ኮሪያ ስምምነት መሠረት፣ ከአሜሪካ የሄደ አስተማሪ እስከ 2 ዓመት ለኮሪያ የገቢ ግብር አይከፍልም። እኔ የመንግሥት ትምህርት ቤት ስለነበርኩ ተካተትኩ፤ የግል ማስጠኛ ቢሆን አይሆንም ነበር። ለዚህ የአሜሪካ የግብር ነዋሪ መሆኔን የሚያሳይ ማረጋገጫ ያስፈልጋል፤ ቅጽ 6166 ይባላል፤ ማመልከቻው 85 ዶላር ነው።

ቅር ያለኝ ማመልከቻውን አዘግይተው መላካቸው ነው። ሁለት ወር ከደመወዜ የኮሪያ ግብር ተቆረጠ። የትምህርት ቤቱ ሒሳብ ሠራተኛ የተቆረጠውን በቀይ እስክሪብቶ ከብባ ስታሳየኝ አንጀቴ ቆሰለ። በኋላ ተመለሰልኝ።

«የኔ ልጅ፣ እዚያ ባትከፍዪም እዚህ ማሳወቅ አለብሽ» ብለው በየዓመቱ ይደውሉልኛል። ይህን የሚነግር ስንት አለ? ከሄዳችሁ ግን ከጉዞው ወራት ቀደም ብላችሁ ሂዱ።