ዲለሩ «ሞተሩ አልቋል» ካላችሁ ሳትፈርሙ ይህን አንብቡ

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ መኪና የምትነዱ ወገኖቼ፣ በተለይም በኡበርና በሊፍት ቤተሰብ የምታስተዳድሩ፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። ቼክ ኢንጂን በርቶበት ዲለር የሄደ ሰው ለማያስፈልገው ሥራ በሺህ የሚቆጠር ዶላር ሲጠየቅ ደጋግሜ አይቻለሁ። ከዋጋው ይልቅ የሚያሳዝነኝ ምርመራው ነው። ኮምፒውተሩ ያወጣውን ኮድ አይቶ ዕቃ መቀየር ምርመራ አይደለም። ብዙዎቻችን ግን ለግምቱም፣ ግምቱ ሲሳሳት ለሚቀጥለው ግምትም እየከፈልን ነው።

በቅርቡ የሆነውን ልንገራችሁ። የአንድ ወዳጄ መኪና ትራፊክ መብራት ላይ ስትቆም መንቀጥቀጥ ጀመረች፤ ዳገት ላይ ጉልበት አጣች፤ ቼክ ኢንጂኑም ብልጭ ድርግም ይል ነበር። ዲለር አስገባት። ሰርቪስ አድቫይዘሩ ፒ0302 እና ፒ0420 የሚሉ ሁለት ኮዶች ተገኝተዋል፣ ካታሊቲክ ኮንቨርተሩ (የጭሱ ማጣሪያ) ተበላሽቷል፣ ሞተሩም ውስጡ በኬሚካል መታጠብ አለበት ብሎ 4,600 ዶላር ጠየቀው። መኪናዋ ስድስት ዓመቷ ነው፤ የሄደችው 71,000 ማይል ነው።

ፒ0302 ሁለተኛው ሲሊንደር በትክክል አያቃጥልም ማለት ነው፤ አገር ቤት መካኒኮቻችን «በሦስት እየሠራ ነው» የሚሉት ዓይነት። ምክንያቱ ካንዴላ ሊሆን ይችላል፤ ኮይል (ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠው)፣ ኢንጀክተር (ነዳጅ የሚረጨው) ወይም የኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት) መውረድም ሊሆን ይችላል። የትኛው እንደሆነ ኮዱ አይናገርም። ወዳጄ አልፈረመም። የምርመራውን ብቻ ከፍሎ መኪናዋን አስጭኖ አሌክሳንድሪያ ወደሚሠራ አንድ ያገራችን ልጅ ወሰዳት። መካኒኩ የሁለተኛውን ሲሊንደር ኮይል ከሦስተኛው ጋር አቀያይሮ ሞተሩን አስነሳ። ኮዱ ፒ0303 ሆነ። ብልሽቱ ኮይሉን ተከትሎ ሄደ፤ ነገሩ በዚህ ተረጋገጠ። አዲስ ኮይልና አራት ካንዴላ ከነእጅ ዋጋው 300 ዶላር አልሞላም። ፒ0420ም ተመልሶ አልመጣም።

ያልመጣበት ምክንያት አለው። ሲሊንደር ውስጥ ሳይቃጠል የቀረ ነዳጅ ወደ ጭስ ማውጫው ወርዶ ካታሊቲክ ኮንቨርተሩን ያግለዋል፣ ሥራውንም ያዛባበታል፤ ሲቆይ ደግሞ ያቀልጠዋል። ኮይሉ ሳይነካ ካታሊቲኩ ብቻ ቢቀየር ኖሮ አዲሱም በዚያው መንገድ ይሄድ ነበር።

እኔን ያናደደኝ ግን ሌላ ነገር ነው። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ካታሊቲክ ኮንቨርተር፣ የሞተሩ ኮምፒውተርና ብልሽት መዝጋቢው ክፍል ለ8 ዓመት ወይም ለ80,000 ማይል፣ ቀድሞ እስከሚሞላው ድረስ፣ የአምራቹ ዋስትና አላቸው። የመኪናው ዋና ዋስትና ቢያልቅም ይህኛው ይቀጥላል። 71,000 ማይል ላይ ያለች መኪና ካታሊቲኳ በራሱ ጉድለት ተበላሽቶ ከሆነ በነፃ መቀየር ሲገባው፣ ለወዳጄ ይህን የነገረው ሰው አልነበረም። እናንተ ጠይቁ፤ «ይህ በፌዴራል የኤሚሽን ዋስትና ይሸፈናል ወይ?» በሉና መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ።

ስለ መብራቱ ባጭሩ። ቼክ ኢንጂኑ ሳይቆራረጥ በርቶ መኪናው ደህና ከሄደ ቀጠሮ ይዞ ማስመርመር ይቻላል። ብልጭ ድርግም ካለ ግን ፍጥነት ቀንሱ፣ ቶሎም አቁሙት። ቀዩ የዘይት መብራት ከበራ ወይም የሙቀቱ መርፌ ቀይ ውስጥ ከገባ፣ አስተማማኝ ቦታ ዳር ይዞ ወዲያው ሞተር ማጥፋት ነው፤ «ቤት ልድረስ» የሚባል ነገር የለም። የሞተር ብሮንዚና (የሚሽከረከረው ዘንግ የሚያርፍበት ብረት) ያለ ዘይት ብዙ አይቆይም።

ከ1996 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ የተሸጡ የቤት መኪናዎች ሁሉ ከመሪው በታች የኦቢዲ-2 ሶኬት አላቸው። ከስልክ ጋር በብሉቱዝ የሚገናኝ ማንበቢያ በጥቂት አሥር ዶላሮች ይገዛል፤ ብዙ የመለዋወጫ መደብሮችም በነፃ ያነባሉ። ዲለር ከመሄዳችሁ በፊት ኮዱን ራሳችሁ ያዙ፣ ፎቶ አንሱት። «ፍሪዝ ፍሬም» የሚባለውንም አንሱ፤ ብልሽቱ ሲመዘገብ ፍጥነቱ፣ የሞተሩ ዙርና ሙቀቱ ስንት እንደነበር ያሳያል። ማንም ሰው ኮዱን እንዲያጠፋው አትፍቀዱ፤ ሲጠፋ ይህ መረጃም አብሮ ይጠፋል። ፒ0455 (የነዳጅ ትነት የሚያፈስ ቦታ አለ የሚለውን ኮድ) ካያችሁ መጀመሪያ የነዳጁን ክዳን አጥብቃችሁ ዝጉ፤ ብዙ ጊዜ ችግሩ እዚያው ያልቃል። ፒ0171 ሞተሩ ከነዳጁ ይልቅ አየር በዝቶበታል ማለት ነው፤ የተቀደደ የአየር ጎማ፣ የቆሸሸ የአየር መለኪያ ሴንሰር ወይም የደከመ የነዳጅ ፓምፕ ያመጣዋል። ለዚህ ኮድ ኦክስጅን ሴንሰር ልቀይር የሚላችሁን ምን ለክቶ እንደሆነ ጠይቁት።

ሞተር ይቀየር ወይም ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ይውረድ ከተባላችሁ ደግሞ ቁጥር ጠይቁ። የእያንዳንዱ ሲሊንደር ኮምፕሬሽን ስንት ነው? የሊክ ዳውን (ሲሊንደሩ በአየር ተሞልቶ ስንቱን እንደሚያፈስ የሚለካበት ምርመራ) ውጤቱስ? ዘይቱ ሲቀዳ ብረት ተገኝቶበታል? ፊልትሮው ተቆርጦ ታይቷል? ጓርኒሲዮን (በቴስታታውና በሞተሩ አካል መካከል ያለው ማሸጊያ) ተቃጥሏል የሚል መካኒክ ራዲያተሩ አፍ ላይ ሰማያዊ ፈሳሽ ያለበት መሣሪያ አድርጎ ማሳየት ይችላል፤ የተቃጠለ ጋዝ ውኃው ውስጥ ከገባ ፈሳሹ ወደ ቢጫ ይለወጣል። ርካሽና ፈጣን ምርመራ ነው። ይህን ሳያደርግ ሺዎችን የሚጠይቅ ሰው ዘንድ መኪና አይቀመጥም።

ሃዩንዳይና ኪያ ያላችሁ ይህንን በጥሞና አንብቡ። ቴታ 2 የሚባለው ሞተር ሲመረት ከክራንክ ሻፍቱ (ከሞተሩ ዋና ዘንግ) ያልጸዳ የብረት ብናኝ የዘይቱን መተላለፊያ እየዘጋ የቢየላ (ፒስተኑን ከክራንክ ሻፍቱ የሚያገናኘው ክንድ) ብሮንዚና ይበላ ነበር። በመስከረም 2015 470,000 ያህል የ2011 እና የ2012 ሶናታዎች ለነፃ ጥገና ተጠሩ፤ በ2017 ጥሪው ሰፋ፣ ኪያም ተጨመረ። በኅዳር 2020 ሁለቱ ኩባንያዎች ጥሪውን በማዘግየታቸውና ትክክለኛ መረጃ ባለመስጠታቸው ከአሜሪካ መንግሥት ጋር በድምሩ 210 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ የቅጣት ስምምነት ፈረሙ። ባለንብረቶች በከፈቱት ክስ በተደረሰ ስምምነት ደግሞ የሞተሩን ማንኳኳት የሚያዳምጠው ሶፍትዌር ለተጫነላቸው፣ በስምምነቱ ለተካተቱ መኪናዎች፣ ለዚህ ብልሽት የዕድሜ ልክ ዋስትና ተሰጠ። ሶፍትዌሩ አደጋ ሲሰማ ፒ1326 የሚል ኮድ ያወጣል። ኮዱን ያየ ሰው ለሞተር ከመክፈሉ በፊት የሻንሲ ቁጥሩ (VIN) የተካተተ መሆኑን ያረጋግጥ። ያገለገለ መኪና የገዛችሁም «ሁለተኛ ባለቤት ነህ» ተብላችሁ ዝም ብላችሁ አትመለሱ። ዲለር እንዲህ ያለውን ጥያቄ የሚመልሰው በአብዛኛው «ዘይት አልተቀየረም» ብሎ ነው፤ ስለዚህ የእያንዳንዱን ዘይት ቅያሪ ደረሰኝ ከነማይሉ አስቀምጡ። ቤታችሁ የምትቀይሩም የዘይቱንና የፊልትሮውን ደረሰኝ ያዙ።

የሌላ መኪና ባለቤቶችም 17 አኃዝና ፊደል ያለውን የሻንሲ ቁጥር በመንግሥቱ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ አስገብታችሁ ጥሪ ይኑር አይኑር ማየት ትችላላችሁ። መጀመሪያ ከተሸጠ 15 ዓመት ያልሞላው መኪና በጥሪ ሲጠገን ክፍያ የለውም። ውጭ ማሠራት ዋስትና ያሳጣል የሚሏችሁንም አትስሙ፤ በ1975 የወጣው የዋስትና ሕግ ውጭ ዘይት ስላስቀየራችሁ ብቻ ዋስትናችሁን መከልከል አይፈቅድም።

በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የጽሑፍ ግምት የመጠየቅ መብት አላችሁ፤ ያለ ፈቃዳችሁ ከግምቱ ከ10 በመቶ በላይ ማስከፈልም አይቻልም። የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ እንደምትፈልጉት ሥራው ሳይጀመር ተናገሩ።

አሁን አሁን ዲለሮች የምርመራ ውጤቱን በቀይና በቢጫ ምልክት በስልክ ይልካሉ። ሊንኩ ውስጥ ያለውን የመቀበያ ቁልፍ መጫን ከፊርማ እኩል ነው። እንግሊዝኛው የሚከብዳቸው አባቶችና እናቶች ሥራ ላይ ሆነው ሳያነቡት ይጫኑታል፤ ልጆቻቸው እባካችሁ አስረዷቸው። ስልክ ከተደወለም «በጽሑፍ ላኩልኝ፣ አይቼ እመልሳለሁ» ማለት ይበቃል። ካልተስማማችሁ የምርመራውን ብቻ ክፈሉ፤ ኮዶቹና የተለካው ውጤት የተጻፈበትን ወረቀት ተቀብላችሁ መኪናችሁን አውጡ፤ ወረቀቱን ለቀጣዩ መካኒክ ከማሳየታችሁ በፊት ግን እሱ በራሱ መርምሮ ምን እንደሚል ስሙ።