ለአንድ ፎልደር ብላችሁ ፎርማት እንዳታስደርጉ

ቨርቹዋልቦክስ (ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር የሚያስነሳ ፕሮግራም) ላይ የምትሠሩ ልጆች፣ እባካችሁ ብር ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ። እኔ 3,500 ብርና የሦስት ሳምንት ሥራ አጥቻለሁ።

ላፕቶፔ ዊንዶውስ ነው። ውስጡ በቨርቹዋልቦክስ ኡቡንቱ የሚባለውን ሊኑክስ ጭኜ የመመረቂያ ፕሮጀክቴን እሠራበታለሁ። ሁለቱ ፋይል የሚለዋወጡበትን ሼርድ ፎልደር ስከፍት «ፐርሚሽን ዲናይድ» (ፈቃድ የለህም) ይለኛል። ቸኩዬ ስለነበር አራት ኪሎ አካባቢ ወዳለ ጥገና ቤት ወሰድኩት። ልጁ በቅጡ እንኳን ሳያየው «ሲስተሙ ተበላሽቷል፣ እንደ አዲስ ይጫናል» አለኝ። ባክአፕ ያዝልኝ ስለው «አታስብ» አለ። በማግስቱ ስቀበለው ኡቡንቱው አዲስ ነው፣ ፕሮጀክቴ የለም። ቤት ገብቼ ፎልደሩን ስነካው ያው ፐርሚሽን ዲናይድ!

የፈታችልኝ የክፍሌ ልጅ ናት። አምስት ደቂቃ አልፈጀባትም። ቨርቹዋልቦክስ በራሱ የሚያገናኘው ፎልደር ኡቡንቱ ውስጥ ባለቤቱ ሩት (root፣ የሲስተሙ ዋና አስተዳዳሪ አካውንት) ነው፤ ግሩፑ ደግሞ ቪቦክስኤስኤፍ (vboxsf) ይባላል። ዩዘራችሁ እዚያ ግሩፕ ውስጥ ከሌለ አይገባም። ኡቡንቱው ተርሚናል ላይ በሱዶ (በአስተዳዳሪ ሥልጣን ማዘዣው) ዩዘርሞድ የሚለውን ትእዛዝ ጽፋችሁ (sudo usermod -aG vboxsf ከዚያ የዩዘራችሁ ስም) ራሳችሁን ግሩፑ ውስጥ ታስገባላችሁ፣ ሪስታርት ታደርጋላችሁ፣ አለቀ። ብቻ ስትጽፉ ትንሿን ኤ ከትልቁ ጂ ፊት እንዳትረሱ። ኤ ከቀረች ከሌሎቹ ግሩፖች ያስወጣችኋል፤ ሱዶንም ልታጡ ትችላላችሁ። እኔ መጀመሪያ ሲኤችሞድ 777 (chmod 777፣ ለሁሉም ሰው ፈቃድ የሚሰጥ ትእዛዝ) ስል ነበር የዋልኩት። እንዲህ ዓይነት ፎልደር ላይ ምንም አይለውጥም።

በጣም ያናደደኝ ግን ሌላ ነው። ልጅቷ የቨርቹዋልቦክሱን ሴቲንግ ስትከፍት የጥገና ቤቱ ልጅ የዊንዶውሱን ሲ ድራይቭ በሙሉ ሼር አድርጎታል፣ ያውም መጻፍና ማጥፋት እንዲቻል። ኡቡንቱው ውስጥ አንድ መጥፎ ፕሮግራም ቢገባ የዊንዶውሱን ዶክመንቶቼን ሁሉ ያገኛቸዋል ማለት ነው።

ተመልሼ ብሬን ጠየቅኩ። «ሥራው ተሠርቷል» አሉኝ። ደረሰኝ ስላልተቀበልኩ የምይዘው ነገር አልነበረኝም። እናንተ ተቀበሉ። ፎርማት ካሏችሁም ምን እንደተበላሸ ስክሪኑ ላይ አሳዩኝ በሉ። ባክአፑን ለማንም አትተዉ፤ ቨርቹዋል ማሽኑን (ቨርቹዋልቦክስ ውስጥ ያለውን ኡቡንቱ ከነፋይሉ) ራሳችሁ ኤክስፖርት አድርጋችሁ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ላይ ይዛችሁ ሂዱ።

አስጠግናችሁ የወሰዳችሁ ካላችሁ ደግሞ ዛሬ ማታ ቨርቹዋልቦክሱ ሴቲንግ ውስጥ ሼርድ ፎልደርስ የሚለውን ክፈቱ። ሲ ድራይቭ ካለበት ከዝርዝሩ አውጡትና በምትኩ አንድ ባዶ ፎልደር ብቻ አስገቡ።